ኪኒኑና ጠበሉ

አንኮበር አካባቢ የአእምሮ ሕሙማንን ከጤና ጣቢያ የማገናኝ ባለሙያ ነኝ። ጠበል የሚያጠምቁትን አባ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ለመንኳቸው፤ «አባቴ፣ ሕሙማኑ ጠበሉን አይተዉ፤ ኪኒኑንም አብረው ይዋጡ።» እሺ ሲሉኝ ከደስታዬ ብዛት መስቀላቸውን ደጋግሜ ተሳለምኩ።

በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው አንድ ታማሚ ገበሬ ክንዱን ደግፈው፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው ጤና ጣቢያ መጡ። ሰውየው ድምፅ እየሰማ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። መድኃኒት የምታድለው ልጅ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «አልቋል፤ በሚመጣው ወር ሞክሩ» አለች። አባ አዩኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ታማሚውን ትተው እኔን ያጽናኑኝ ጀመር።

«አይዞህ ልጄ። የእናንተ እስኪመጣ በእኛው እናቆየዋለን። ጠበሉ አያልቅም።»