ሕዋስ እንኳ ይጠብቃል

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን ትታችሁ በጡረታ ልትሸኙኝ በመሰብሰባችሁ አመሰግናለሁ። የናሙናውን ማቀዝቀዣ ሳይዘጋ የመጣ ካለ ግን አሁኑኑ ሮጦ ይዝጋ።

ውጤት ባመጣችሁ ቁጥር «ድገሙት» ስለምል ከኋላዬ «ጋሽ ድገሙት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስሙን ያወጣችልኝ ባልደረባዬ ይቺው ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትስቃለች። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ግን በከንቱ ተቆጥቼ አውቃለሁ?

ጽንስ እየወረደባቸው የመጡትን ባልና ሚስት አስታውሱ። የባል እናት «መካን ናት፤ ፍታት» እያሉ ቤቱን አምሰውታል። ወጣቱ ሐኪማችን የባልን ክሮሞዞሞች አይቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ሙሉ ነው። አንድም አልጎደለም።»

«ቁጠር አልኩህ ወይስ እይ?»

እንደ ልማዳችን፣ የመጀመሪያው አንባቢ ያለውን ሳትሰማ የናሙናውን መስታወት ይቺ ሳቂታ ሁለተኛ ሆና አነበበችው። የሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ተቀያይሯል! ለሰውየው ምንም አልጎደለበትም፤ ለልጅ ሲያካፍል ግን አንዳንዴ አንዱ ጫፍ ይተርፋል፣ ሌላው ይጎድላል፤ ጽንሱም ይወርዳል።

ባልየው «ከእኔ ነው?» አለ። ሚስቱ ደግሞ «እባክዎ ዶክተር፣ እናቱ ባሉበት ይድገሙልኝ!» አለች። ያን ቀን ብቻ «ድገሙት» ሲባል ሳቅሁ።

አሁን ሥራ ስለበዛ አንድ አንባቢ ይበቃል ተብሏል። ማን ነው ይበቃል ያለው? ሕዋስ እንኳ አላለም! ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱን ክሮሞዞም ይገለብጣል፤ የገለበጠውንም ይፈትሻል። መንትዮቹን አጣብቆ መሐል ላይ ያሰልፋል፤ ከግራና ከቀኝ በክር ይይዛቸዋል። አንዲት ጥንድ እንኳ በሁለቱም ወገን ካልተያዘች ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቋታል። በዓይን የማይታይ ነገር ነው ይህን የሚያደርገው። ዲግሪ የለው፣ ስብሰባ አይቀመጥ!

ክቡር ዳይሬክተር፣ ያዘጋጁልኝን ስጦታ ይያዙልኝ። እኔ የምፈልገው በወንበሬ ላይ ሁለተኛ አንባቢ እንዲቀመጥ ነው። ይቀመጣል?

«እናያለን» መልስ አይደለም፣ ጌታዬ። ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም?

ይቀመጣል አሉ። ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ እኔም እጅ ነሥቻለሁ።

በሉ፣ ዓይናችሁን ያብራላችሁ፤ ትዕግሥቱን አይንሳችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ደጃችሁ ላይ ውጤት የሚጠብቅ ሁሉ እውነቱን ይዞ ይግባ፤ ከእጃችሁ የሚወጣ ቃልም የማንንም ቤት በስህተት አያፍርስ።