በሰርግ ቪዲዮ ላይ ቀይ ሆኖ የታየው በሬ

የምስክር ስም፦ ሰሚሃ እንድሪስ ዓሊ
ዕድሜ፦ 27
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ
ሥራ፦ ቪዲዮ ቀረጻና ቅንብር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ሙሐመድሁሴን ኸሚስ

ከተጠርጣሪው ከአቶ ባድሩ ጁማም ሆነ ከከሳሹ ከአቶ ሙሐዲን ዘይኑልአቢዲን ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ በሐይቅ ከተማ ሱቅ ተከራይቼ ሰርግ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁም። ሚያዝያ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለው መንደር የአቶ ባድሩ ልጅ ሙንተሲር መስኡዳ የምትባለውን ልጅ ሲያገባ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ጠዋት የሚታረደው በሬ ከበረት ሲወጣ፣ የአቶ ባድሩ ባለቤት ወይዘሮ ፈዲላ ሻሽ አስራ አጠገቡ ቆማ እንደነበር በቪዲዮው ላይ ይታያል።

የዚያው መንደር ነዋሪ አቶ ሙሐዲን በጥቅምት ወር ጦርነቱ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ ተሰዶ ነበር። ሲመለስ የሚያርስበትን ቀይ በሬ አላገኘውም። ከሰርጉ በኋላ ቪዲዮው በስልክ ሲደርሰው ቀይ በሬ አየ፤ ቀንዱም የሚያውቀው መሰለው። አቶ ባድሩ በሬውን ከገበያ መግዛቱን ቢናገርም ሻጩ ሊገኝ አልቻለም። ሥጋው ተበልቷል፣ ቆዳውም ተሸጧል። አቶ ባድሩ ታሰረ። በሰርጉ የበላው ሰው ሁሉ ሐራም በላን እያለ አዘነ፤ የመስኡዳም አባት ልጁን ከሙንተሲር ቤት ወስዶ ወደ ቤቱ መለሳት።

ወይዘሮ ፈዲላ ሱቄ መጥታ፣ «ከቤታችን ቡላ ሆኖ ወጣ፤ አንቺ ቤት ሲደርስ ቀላ» አለችኝ። ቡላ የሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫማ የከብት መልክ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

በማቀናበሪያው ፕሮግራም ውስጥ ፕሪሴት የሚባል፣ ቀድሞ የተዘጋጀ የቀለም ማስተካከያ አለ። አንዴ ሲጫን የቪዲዮውን ሁሉ ቀለም ይለውጣል። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው የሰዉን ፊት አመድ ስለሚያስመስልብኝ፣ ቀዩን ከፍ፣ አረንጓዴውን ዝቅ አድርጌ በራሴ ልክ አስተካክዬ አስቀምጬዋለሁ። ደንበኞቼ ፊታቸው ደመቅ ሲል ይወዳሉ። ነገር ግን ፕሪሴቱ ፊትን ከበሬ አይለይም፤ ፊቱን ሲያደምቅ ቡላውን በሬ አቀላው።

ትናንት ሰኔ 6 ቀን ኮምፒውተሬን ይዤ ጣቢያው ቀረብኩ። ሳጅኑና አቶ ሙሐዲን ባሉበት ፕሪሴቱን ሳጠፋው በሬው ቡላ ሆነ፤ መልሼ ስጭነው ቀላ። አቶ ሙሐዲን ግን አላመነኝም። «ልጄ፣ አሁን ቀብተሽው እንደሁ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። እኔም ወይዘሮ ፈዲላ በሰርጉ ቀን ያሰረችውን ሻሽ ከቤቷ እንድታመጣ ጠየቅኩ። ሻሹ ሲመጣ አቶ ሙሐዲን ራሱ ይዞ ከስክሪኑ አጠገብ አደረገው። ፕሪሴቱ ባለበት ሻሹ ብርቱካን ይመስላል፤ ሲጠፋ ግን በእጁ እንደያዘው ቢጫ ነው። ደጋግሞ አየ። ከዚያ ሻሹን አጣጥፎ ለወይዘሮ ፈዲላ መለሰላትና ተቀመጠ።

«ቡላ ነው፣ የኔ አይደለም» አለ። ቀጥሎም፣ «የኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። የት እንደደረሰ ባውቅ ይቀለኝ ነበር» አለ። ክሱን መተዉን ለሳጅኑ ተናገረ።

አቶ ባድሩ ከማረፊያ ክፍል ሲወጣ አቶ ሙሐዲን ተነስቶ አፉ በለኝ አለው። አቶ ባድሩ እጁን ሳይነሳው፣ «እኔስ አፉ ብያለሁ። ግን በአፍህ ያስወጣሃትን ልጅ በእግርህ ሄደህ መልሳት» ብሎ መለሰለት። አቶ ሙሐዲን እሺ አለ። አብረው ወጡ።

ዛሬ መዝገቡ እንዲዘጋ ቃልሽ ያስፈልጋል ተብዬ ወደ ጣቢያው ስመጣ፣ ወደ አርዲቦ የሚሄድ ባጃጅ አለፈኝ። ከኋላ አቶ ባድሩና መስኡዳ ነበሩ። አቶ ሙሐዲን ከሹፌሩ ጎን ተጣቦ፣ የልጅቱን ሻንጣ ጭኑ ላይ ይዞ ነበር።

ቀለም የተለወጠበትንና ያልተለወጠበትን ቪዲዮ ለሳጅኑ አስረክቤያለሁ። ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የራሴ ቃል ነው፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሰሚሃ እንድሪስ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ሙሐመድሁሴን ኸሚስ