ኮምፒውተሬና ደቦው

ቡታጅራ ውስጥ የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ኮምፒውተሬ እየተንቀራፈፈ ደንበኛው ሁሉ ወደ ጎረቤቴ ሲሄድብኝ፣ ያፈጥናል የተባለውን ፕሮግራም ሁሉ ጫንኩበት፤ ጭራሽ ባሰበት። የመስቃኑ ገበሬ ሀጂ ሸምሱ የልጃቸውን የሥራ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው ጥበቃው ሲረዝምባቸው "ምን ነክቶት ነው?" አሉኝ። "የሚያጸዱት አራት ፕሮግራሞች አሉ፤ አራቱም አንድ ላይ እየፈተሹት ነው" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ደቦ የጠራህ መስሎህ በላተኛ ነው የሰበሰብከው" አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን እውነታቸውን ነው። ሦስቱን አጥፍቼ በአንዱ ብቻ አጸዳሁትና እንደገና አስነሳሁት። ያስመጣሁላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ማመልከቻው ታትሞ ወጣ። ሀጂ ትኩሱን ወረቀት ይዘው በሩ ላይ ቆሙና ወደ ጎረቤቴ የሚያልፈውን ሰው "ወዲህ ግባ፣ እዚህም ይሠራል" ብለው ጠሩልኝ።