አያ ገላው ስጤን የጠበቁልኝ ዕለት

ጎረቤቴ አያ ገላው እህል እየሰረቁ ሰፈሩን ያስመረሩ ሰው ነበሩ። በሽማግሌ ፊት "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብለው ከማሉ ወዲህ፣ እውነት ይሆን እያልሁ በልቤ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን እናትሽ ታመመች ተብዬ ልጄን አዝዬ ስነሳ፣ እስከ አዝመራ የሚያደርሰን ገብስ ደጄ ላይ ተሰጥቷል። በአካባቢው ያሉት አያ ገላው ብቻ ናቸው። "አያ፣ ስጡን ይጠብቁልኝ፤ ከዘነበም በሩ ክፍት ነው፣ ያስገቡልኝ" አልኋቸው። "ለኔ ነው አደራው?" ብለው ደነገጡ።

ከእናቴ ዘንድ በዝናብ እየሮጥሁ ስመለስ ገብሱ ከደጅ የለም! አያ ገላው ደጃፌ ላይ ዝናብ እየመታቸው ቆመዋል፤ ከቤቴ ውስጥ ሁለት የማዶ ሴቶች ይስቃሉ። "ጉድ እኮ ነው! ሌባው ራሱ ጮሆ ጠራን" አለችኝ አንዷ። ለካ እሳቸው ገብሱን እስከ በሩ ደፍ እየተሸከሙ ለሴቶቹ ያቀብሉ ነበር።

"ምነው አያ፣ አይገቡም?"

"ባለቤት በሌለበት ብገባ፣ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ማን ያምነኛል ልጄ?"

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የባሌን ጋቢ አልብሼ፣ ጀርባዬ ላይ የተኛውን ልጄን አስታቅፌ እሳት ላነድ ሄድሁ። እንዴት እንደያዙት ለማየት ዞር ብል፣ እንዳይነቃባቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል።