የሳሚያ ጉድለት

ሼህ ዑዘይር ያን ዕለት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመለሱ ነገሩ በልባቸው ያለቀ ነበር። ልጃቸው ሳሚያ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ በሒሳብ ደጋግማ ስለወደቀች፣ ትምህርቷን ትታ በአጎቷ በመሕሙድ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ሥራ እንድትገባ ከእሱ ጋር ተስማምተው መምጣታቸው ነው። ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ በሚኒባሱ መስኮት የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ታያለች። እንባዋን ልትደብቅ እንደሆነ አባቷ አልጠፋቸውም።

ከፊታቸው የተቀመጠችው ወጣት ዞር ስትል የሳሚያ የሒሳብ መምህርት ጽናት ሆና ተገኘች።

«ሼህ ዑዘይር፣ እንደምን ዋሉ? ሳሚያን ትምህርት ቤቱ ከጀመረው የማካካሻ ትምህርት ለምን አስቀሯት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ወላሂ፣ አፍሬ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ ስትማር ጎረቤት ምን ይላል? ደግሞ ልጄ ሰነፍ አይደለችም፤ መጽሐፉን በቃሏ አስይዣታለሁ። ይኸው፣ ጠይቂያት!»

እውነታቸውን ነው። ሼሁ ማለዳ ማለዳ የሰፈሩን ልጆች ቁርኣን በቃል የሚያቀሩ ሰው ናቸውና፣ ሒሳብም በዚያው መንገድ የሚገባ መስሏቸው ልጅቱን ምሳሌ በምሳሌ አስሸምድደዋታል። ሳሚያ የተጠየቀችውን ከነመልሱ አንበለበለችው። መምህርቷ አንዷን ቁጥር ለውጣ ስትደግምላት ግን ያንኑ የቀድሞውን መልስ ደገመች።

«እሺ፣ ግማሽና ሲሶ ሲደመር?»

«ሁለት አምስተኛ።»

«እሱማ ከግማሹም ያንሳል፣ ሳሚያዬ» አለች ጽናት ሳትቆጣ። ወደ አባትየውም ዞረችና፣ «አዩ፣ የከበዳት የዘጠነኛው ትምህርት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ክፍልፋይን ሳትማር አለፈች፤ ከዚያ ወዲህ የምትማረው ደግሞ እሱን ይፈልጋል» አለቻቸው።

«እንግዲያ ወደ አምስተኛ ልትመለስ ነው? ከዚህስ የአጎቷ ሱቅ ይሻላታል።»

«እርስዎ የቁርኣን ሱራ ላይ የተደናቀፈ ልጅ ሲያጋጥምዎ ከመጀመሪያው ፊደል ከአሊፍ ያስጀምሩታል?»

«ኧረ ምን በወጣው! የተደናቀፈባትን አያ፣ ያቺን አንድ አንቀጽ፣ አስተካክዬለት ይቀጥላል።»

«ሳያስተካክሉለትስ ያሳልፉታል?»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉና ወዲያው ወደ ሳሚያ ዞር አሉ። ለጎረቤት ልጅ የማይነፍጉትን ለገዛ ልጃቸው መንፈጋቸው ከነከናቸው።

«እኛም የምናደርገው ይኸንኑ ነው» አለች ጽናት። «ጠዋት ዘጠነኛን ከጓደኞቿ ጋር ትማራለች፤ ከሰዓት የጎደላትን ብቻ እናሟላላታለን። የክፍሏ ልጆች ግማሾቹ እንደሷው ስለሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

ልጅን ሰነፍ ብሎ መገላገል ቀላል ነው። የጎደለውን ለይቶ መሙላት ግን ተማሪውን ዓመቱን ከመድገም ያድነዋል፤ መምህሩም የሚያስተምረው ይገባለታል፤ ወላጅም ብሩህ ልጁን በገዛ እጁ ከትምህርት ገበታ አያስነሳም። ሼሁ ልጃቸውን ለማስነሳት ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ደሴ ፒያሳ ሲወርዱ ስልካቸውን አውጥተው፣ «መሕሙድ፣ ሌላ ሠራተኛ ፈልግ። ሳሚያ ትምህርት አለባት» አሉ።

ልጅቱ ማመን አቃታት። «አባ፣ እዚያም ብሳሳትስ?»

«ተሳሳቻ! እኔስ የተሳሳተ ልጅ መቼ አባርሬ አውቃለሁ?»