በሦስተኛው ዘፈን ውስጥ ያለችው ማንኪያ

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከቁስቋም ጳውሎስ ድረስ በእግሬ እወርዳለሁ፤ ተመልሼም እወጣለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። የተቀደደ ስፒከር ያለ መነጽር እጠግናለሁ። ይህንንም ወረቀት በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሠራው ልጃችን ኪያ «ልጻፍልዎት» ብትለኝ እምቢ ብያለሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ባነብ ታገሡኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የስቱዲዮአችን ባለቤት ወይዘሮ ራኬብም፣ ለዚህ ግብዣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኬኩ ላይ ስሜን አጽፋችኋል አሉ። እንግዲህ ስሜ ያለበትን ቁራጭ ማንም እንዳይነካው፤ እኔው ነኝ የምበላው።

«ጋሽ ዱጉማ ለምን ይሄዳሉ? ማን አስቀየማቸው?» የምትሉ አላችሁ። ማንም አላስቀየመኝም። የሚያባርረኝም ገና አልተወለደም።

የሌንጮን አልበም ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ በዚህ ሰፈር ሮክ የሚጫወት እሱ ብቻ ነበር። እዚሁ ስቱዲዮ፣ ዛሬ ጄኔሬተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ነው የቀዳነው። እኔ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ቀዳን! እንደ እሱ ጊታር አንጀቴ የገባ የለም።

ሦስተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ጊታሩ ብቻውን ይቀራል። ልክ እዚያ ላይ ባለቤቴ ዓለምነሽ ምሳዬን ይዛ በሩን ከፈተች። ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለችው ማንኪያ ቅጭል አለች። እሷ ደንግጣ ደርቃ ቀረች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌንጮ ግን ዘፈኑን ጨርሶ ሳቀ። «ተዉት፣ እንዳይጠፋ! ጋሽ ዱጉማ፣ ይቺ ማንኪያ ከእኔ ጊታር ትበልጣለች» አለ።

ዓለምነሽ ሮክ አትወድም ነበር። «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው? ያመዋል?» ትለኝ ነበር። ግን ዘፈኑ እዚያ ሲቃረብ ሥራዋን ትታ ትጠብቃለች። ማንኪያዋ ቅጭል ስትል «ይኸው መጣሁ» ትላለች። ከሞተች ወዲህ ከእሷ የቀረኝ ድምፅ ያ ብቻ ነው። ፎቶ አለኝ። ፎቶ በር አይከፍትም።

ዘንድሮ ያንኑ የድሮ አልበም ለስልክ እንደገና እንድናወጣው ኪያ ኮምፒውተሩ ላይ አጸዳችው። እንደ ልማዳችን ፍርዱን ለእኔ ተዋችሁት። ሰማሁ። ቤዙ አለ። የሌንጮ ድምፅ አለ። ላዩ ግን ሞቷል! የድራሙ ሳህን የለም፣ የካሴቱ ክር ሽሽሽታ የለም፣ ማንኪያዋም የለችም።

«አጥበሽ አጥበሽ ባዶ አደረግሽው!» አልኳት።

«ኧረ ማንኪያዋን አልነካኋትም ጋሽ ዱጉማ። እዚያው አለች።»

«የት አለች?»

«አሁን እኮ አለፈች።»

ያሾፈችብኝ መሰለኝ። ሰላምታ ነሳኋት።

መቼም የዚህን ቤት ደንብ ታውቃላችሁ፤ አልበም ሳይወጣ ታክሲ ውስጥ ይፈተናል። ሰው የሚሰማው እዚያ ነዋ! በሬድዋን ሚኒባስ ከጳውሎስ ሽቅብ ወጣን። እኔ የኋላ ወንበር ላይ፣ ስፒከሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ሬድዋን በመስታወት አየንና፣ «ምሳ ይዛችኋል እንዴ? ማንኪያ የሚያቅጨለጭለው ማነው?» አለ።

ሬድዋን ስለ ማንኪያዋ የሚያውቀው ነገር የለም። ማንም አልነገረውም። ኪያ አንገቷን ደፋች።

እኔ የሰማሁት ጊታር ብቻ ነበር።

«ድገመው» አልኩት። ደገመው። አሁንም ጊታር ብቻ።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። «ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል፣ አባባ» አለኝ። «ወዴት?» ስለው ሳቀ። እኔ የምሬን ነበር።

ታዲያ የሚስቱን ማንኪያ የማይሰማ ሰው ምን ብሎ የሰው ዘፈን ይዳኛል? ለዚህ ነው የምሄደው።

ፍርዴን ግን ሰጥቼ ነው። የሌንጮ አልበም ይውጣ። ኪያ፣ ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል። ቤዙን ትንሽ ቀንሺው፤ እሱን ገና እሰማለሁ።

የጀመርኩት የዕድሩ ስፒከር አለ፤ ማንም እንዳይነካብኝ፣ ቤቴ ወስጄ እጨርሰዋለሁ። የነሳሁሽም ሰላምታ ዕዳዬ ነው ኪያ። በየጠዋቱ በዚህ በር ሳልፍ ራሴ እከፍለዋለሁ።

በሉ፣ ፈጣሪ ጆሯችሁን ይጠብቅላችሁ። የምትወዱትን ሰው ድምፅ በቁማችሁ አይውሰድባችሁ። ይህ ቤት ዘፋኝ አይጣ፣ ሬድዋንም ተሳፋሪ አይጣ።

አሁን ኪያ ሦስተኛውን ዘፈን ትከፍተዋለች። ልመና አላውቅም፤ ትእዛዝ በሉት። እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ። እዚያ ቦታ ሲደርስ አንዳችሁ ትከሻዬን ንኩኝ። መምጣቷን ልወቅ።