ባለቁጥር ጉልቻ

(ረፋድ ላይ፣ በቅርቡ ባረፉት የጂኦሎጂ መምህር በፕሮፌሰር አምኃ ግቢ፣ የሣልስቱ ዕለት። ከድንኳኑ ጀርባ ትልቁ የእድር ድስት ተጥዷል፤ ከመስክ ሥራ ከነአቧራዋ የደረሰችው ተማሪያቸው ሐመልማል ከእድሩ ዕቃ ጠባቂ ከጋሽ ዘርጋው ጋር ምድጃው አጠገብ ተፋጥጣለች።)

ሐመልማል፦ ድስቱን ያውርዱልኝ ነው የምልዎት፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም!

ጋሽ ዘርጋው፦ ሌላ ነገር ብትጠይቂ ይሻልሽ ነበር። ውሃ ጠይቂ፣ ወንበር ጠይቂ፣ እሰጥሻለሁ። የተጣደ ድስት አውርድ ያለኝ ሰው ግን በእድር ዘመኔ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ሐመልማል፦ ገና መጣዱ እኮ ነው። እሳቱም በቅጡ አልተያያዘም።

ጋሽ ዘርጋው፦ እንዲያያዝ ነዋ ጎንበስ ብዬ የማራግበው! ዞር በይ፣ ጭሱን መለስሽብኝ።

ሐመልማል፦ አያራግቡ! በፈጠረዎት ጋሽ ዘርጋው፣ አያራግቡ። ከድስቱ ሥር ያስቀመጡት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ጉልቻ ነው።

ሐመልማል፦ ጉልቻ አይደለም!

ጋሽ ዘርጋው፦ ሦስት ነው፣ ድስት ተሸክሟል፣ መሃሉ እሳት አለ። ይሄ ጉልቻ ካልሆነ እኔም ዘርጋው አይደለሁም።

ሐመልማል፦ የፕሮፌሰር ናሙናዎች ናቸው! ከአፋር በረሃ መጀመሪያ በግመል፣ ቀጥሎ በመኪና ያመጣናቸው። በረንዳቸው ላይ በተርታ ደርድረዋቸው ነበር።

ጋሽ ዘርጋው፦ እኔም ከበረንዳው ነው ያነሳኋቸው፣ መች ደበቅኩ? ቁጥር አላቸው።

ሐመልማል፦ አዎ ቁጥር አላቸው! ቁጥሩን እያዩ ነው እሳት ውስጥ የከተቷቸው?

ጋሽ ዘርጋው፦ ቁጥሩን አይቼ ነዋ! በነጭ ቀለም ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ በዚህ ሰፈር የማን ነው? የእድር ነው። ድስቱን እዪው፣ ቁጥር አለው። ያንን ወንበር ገልብጪው፣ ቁጥር አለው። የድንኳኑ ምሰሶ ሳይቀር ቁጥር አለው። ካምና ጀምሮ ጉልቻ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ከርሜ፣ እዚህ በረንዳ ላይ ባለቁጥር ድንጋይ ተደርድሮ ሳገኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሟቹን ታዘብኩት።

ሐመልማል፦ ፕሮፌሰርን? ጉልቻ ሰረቁ ብለው?

ጋሽ ዘርጋው፦ «አይ አምኃ! ይሄን ሁሉ ተምረህ!» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ነፍሱን ይማረው ብዬ ይቅር አልኩት።

ሐመልማል፦ አያስቁኝ። ተናድጃለሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ሳቂ። ከዚህ ቤት ተናዶ የወጣ ሰው የለም።

ሐመልማል፦ እሺ፣ ይኸውልዎ፤ በግራ በኩል ያለውን ብቻ ላውጣ። ሁለቱ ይንደዱ፣ እነሱ ሌላ አምሳያ አላቸው። ያኛው ግን ብቸኛ ነው። ሁለት ዓመት ተጣልተንበታል።

ጋሽ ዘርጋው፦ በድንጋይ?

ሐመልማል፦ በዕድሜው። እሳቸው ሽማግሌ ነው ይላሉ፣ እኔ ልጅ ነው እላለሁ። ላቦራቶሪ ገብቶ ሊለይልን ነበር።

ጋሽ ዘርጋው፦ የድንጋይ ልጅ! ስንት ዓመቱ ነው፣ ልጁ?

ሐመልማል፦ ሁለት ሚሊዮን አይሞላውም።

ጋሽ ዘርጋው፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የቻለ ድንጋይ አንድ የምስር ወጥ ያቅተዋል?

ሐመልማል፦ ድንጋይ ዕድሜውን በሆዱ ነው የሚይዘው። ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ከቀዘቀዘ ጀምሮ ይቆጥራል። እንደገና ኃይለኛ እሳት ከበላው ቆጠራው ይዛባበታል። ዕድሜውን ይረሳል።

ጋሽ ዘርጋው፦ እኔም ባለቤቴ ስትቆጣ ዕድሜዬን እረሳለሁ።

ሐመልማል፦ ቀልድ አይደለም!

ጋሽ ዘርጋው፦ እኔስ መች ቀለድኩ? ባለቤቴን ስለማታውቂያት ነው። አሁን ስሚኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ተቀምጧል። ከዩኒቨርሲቲውም በአውቶቡስ እየመጡ ነው። ምሳ ቢዘገይ «ዘርጋው አዋረደን» ነው የሚባለው፤ «ድንጋዩ ዕድሜው ጠፋበት» ብሎ የሚያዝንልኝ የለም። ደግሞስ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል አልሰማሽም?

ሐመልማል፦ ሰምቻለሁ። ካላጣፈጠ ካላመረረ መለወጡ ምን ገደደዎት?

ጋሽ ዘርጋው፦ ወይ ምላስ! ይሄን ምላስ ማን አስተማረሽ?

ሐመልማል፦ ሟቹ።

ጋሽ ዘርጋው፦ አምኃማ ምላሱን ድንጋይ ላይ ጨረሰው እኮ! የመጀመሪያ ቀን እድር ስብሰባ ሲመጣ ያደረገውን ልንገርሽ? ሰብሳቢው ስለ ድንኳን ጥገና ያወራል። ይሄ ሰውዬ ከኪሱ ድንጋይ አወጣ፣ አገላብጦ አየና ላሰው። «አሞሌ ጨው ይሆናል» ተባባልን። ሌላ አወጣ፣ እሱንም ላሰ። በማግስቱ ጸበል እንዲሄድ ሽማግሌ ላክንበት።

ሐመልማል፦ ድንጋይ ሲረጥብ ነው መልኩ የሚወጣው። «ፊቱን ሳታጥቢ ስሙን አትጠይቂው» ይሉኝ ነበር። እኛንም ያስልሱናል።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንቺም ትልሻለሽ?

ሐመልማል፦ በምላስ እኔን የሚያክል አልነበረም። አንድ ቀን ፍየል የሸናበትን ልሼ፣ «ምን አገኘሽ?» ሲሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ጨዋማ ነው፤ ጥንት እዚህ ባሕር ነበር» አልኩ። አንድ ቃል አልተናገሩም። በአገጫቸው ወደ ፍየሎቹ ጠቆሙኝ። እስክመረቅ ድረስ «ባሕር» እያሉ ነው የጠሩኝ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ኧረ በስመ አብ! ሆዴን! …ይቺ ምን አላት። የአቶ ድንበሩ ቀብር ላይ የሠራውን ነግሮሻል?

ሐመልማል፦ አልነገሩኝም።

ጋሽ ዘርጋው፦ አፍሮ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል፣ ካህናቱ ይጸልያሉ። አምኃ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል፣ ያያል… ከነሙሉ ልብሱ ዘሎ ገባልሽ!

ሐመልማል፦ የአፈሩን ድርብርብ ሊያዩ ነው!

ጋሽ ዘርጋው፦ እኛ ምን እናውቃለን? «አብሬው ካልተቀበርኩ ሊል ነው!» ብለን ጮህን፤ ወንዱ ተረባርቦ ጎትቶ አወጣው። የሟች ሚስት እትዬ ብዙነሽ ደረቷን እየደቃች መጥታ፣ «ድንበሩዬ፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበረህ ወይ!» እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመችበት። ሰውየውን ከሰላምታ በቀር አያውቀው! ምን ይበል? አለቀሰ።

ሐመልማል፦ አለቀሱ?

ጋሽ ዘርጋው፦ ከባለሐዘኗ በላይ! ስንመለስ ክንዴን ይዞ፣ «ዘርጋው፣ ከቀዩ አፈር ሥር አመድ አለ። ሰፈራችን የተኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ነው» አለኝ። «ሬሳው እስኪገባ መታገሥ አቃተህ?» ብለው፣ «ከገባማ እንዴት አየዋለሁ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ሐመልማል፦ ያ ሳላቸው! ከሳቃቸው ተለይቶ አያውቅም ነበር።

ጋሽ ዘርጋው፦ አንቺ ግን ምኑ ነሽ? እህቱን አውቃታለሁ፤ ልጅ አልወለደም። ቅድም በር ላይ ሳይሽ ዘመድ መስለሽኝ ነበር። ዘመድ ግን ለቅሶ ቤት ሲደርስ ያለቅሳል። አንቺ ሻንጣሽን እንዳዘልሽ ጉልቻ ልትቆጣጠሪ መጣሽ።

ሐመልማል፦ ተማሪያቸው ነኝ አልኩዎት።

ጋሽ ዘርጋው፦ ተማሪማ አውቶቡስ ሙሉ እየመጣ ነው።

ሐመልማል፦ እነሱን አስተማሯቸው፣ እኔን ሰደቡኝ። እነሱን «ጎበዝ» ይሏቸዋል፣ እኔን አንድ ቀን ብለውኝ አያውቁም። «ልክ ስትሆኚ ትዕቢተኛ ነሽ፣ ስትሳሳቺ ደግሞ ይብስብሻል፤ ስለዚህ ልክ ብትሆኚ ለሁላችንም ይሻላል» ነው ያሉኝ። ቤታቸው ስመጣ ሳልጠየቅ ምሳ ይቀርብልኛል፣ ሳልጠየቅ እሰደባለሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ ቀብሩ ላይ ግን አላየሁሽም።

ሐመልማል፦ እሳቸው ልከውኝ በረሃ ነበርኩ። ኔትወርክ የለም። መኪናችን ሰመራ ስትገባ ስልኬ መጮህ ጀመረ… በቃ፣ ተቀብረው ነበር። እንግዲህ ለእኔ የቀረልኝ ያ ክርክር ነው። እሱም ይቃጠል?

ጋሽ ዘርጋው፦ በምን ልተካው ታዲያ? የመንገድ ድንጋይ እሳት ላይ ይፈነዳል።

ሐመልማል፦ የማይፈነዳውን እኔ መርጬ አመጣለሁ።

ጋሽ ዘርጋው፦ የሰፈሩን ድንጋይ ሁሉ ልሰሽ እስክትጨርሺ ሰው ሊራብ!

ሐመልማል፦ ጋሽ ዘርጋው…

ጋሽ ዘርጋው፦ አቤት።

ሐመልማል፦ ጉድጓዱ ምን ይመስል ነበር? የእሳቸው።

ጋሽ ዘርጋው፦ የእሱማ… ላዩ ጥቁር ነው፣ ክንድ ያህል። ቀጥሎ ቀይ። ከቀዩ ሥር ነጣ ያለ፣ በእጅ ሲይዙት እንደ ዱቄት የሚፈርስ። እዚያ ሲደርሱ ነው ቆፋሪዎቹ «በቃ» የተባሉት።

ሐመልማል፦ አመዱ ነው! አመዱ ላይ አስተኟቸው። በእጅ ሲይዙት? እርስዎ እንዴት ያዙት?

ጋሽ ዘርጋው፦ ገብቼ።

ሐመልማል፦ ዘለው?

ጋሽ ዘርጋው፦ በዚህ ጉልበት? በመሰላል ነው እንጂ! ሰው አብሮ ሊቀበር ነው ብሎ ጮኸ፤ ይጩኻ። የሰውን ሁሉ ሲያይ ኖሮ፣ የእሱን የሚያይለት ይጣ?

ሐመልማል፦ (እንባዋን በአቧራማ እጅጌዋ ትጠርጋለች።)

ጋሽ ዘርጋው፦ እንዲህ ነው። እዚህ ፍልጡ ላይ ቁጭ በይ።

ሐመልማል፦ ጭሱ ነው።

ጋሽ ዘርጋው፦ ጭሱማ ወደ እኔ ነው የሚነፍሰው።

ሐመልማል፦ ድስቱን ይተዉት፣ ጋሽ ዘርጋው። እንግዳው ይብላ። እሳቸውም ቢሆኑ የራበው ሰው አስቀምጠው ድንጋይ አያዩም ነበር። …ውሸቴን ነው፣ ያያሉ።

ጋሽ ዘርጋው፦ እኔም ለድንጋይ ብዬ ድስት አላወርድም፤ ሺህ ጊዜ ብትለምኚኝ አላወርድም። እናንተ ሴቶች! …አዎ፣ እናንተን ነው! ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ ድንኳን ያለውንም ሰው ለለቅሶ አስነሡ፤ የአምኃ ልጅ ከበረሃ ገብታለች!